የተዘለለው ስም

ሙሀመድሁሴን አሮጌ አይሱዙውን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ቁልቁል ሲለቀው፣ ከኋላ የተጫኑት ትልልቅ የድምፅ ሳጥኖች እርስ በርስ እየተላተሙ ያጓሩ ነበር። ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ የተቀመጠችው የሺሐረግ በየጉድጓዱ "ቀስ በል" ትለዋለች፤ ሰዓቷን ታይና ደግሞ "ኧረ ፍጠን" ትለዋለች።

"እትዬ የሺ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪልኝ።"

"ሳትሰባብረው ፍጠን። ሞንሲኞር ቀድመውን ከደረሱ ማን ይቀበላቸዋል?"

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ግንቦት ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት። ሌላ ቀን ቢሆን መንገዱ በኮንቴይነር ጫኝ ተሳቢዎች ታንቆ ግማሽ ቀናቸውን ይበላባቸው ነበር። ሙሀመድሁሴን የድምፅ መሣሪያ አከራይ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው በጭነት ሥራ ሲተዳደሩ መኪናቸውን የሚያሠሩት በየሺሐረግ አባት ጋራዥ ስለነበር ዝምድናው የቆየ ነው። ለሠርግ፣ ለመውሊድ፣ ለስብሰባ ሲያከራይ ኖሯል፤ ለላቲን ቅዳሴ ሲያከራይ ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

"ቆይ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ያቺ ጋራዥ አይደለች እንዴ? ለእሷ ይኼ ሁሉ ድምፅ ምን ያደርጋል? ቆርቆሮዋን ነው የሚነቅለው።"

"ሳጥኖቹ ግቢው ውስጥ ነው የሚቆሙት። ከገላንም ከቱሉ ዲምቱም ሰው ይመጣል፤ የውስጡን ቦታ ለእንግዶች ለቀን እኛ ውጭ ነን። ስብከቱ እንዳያመልጠን ብዬ ነው።"

"እንግዳው ማነው?"

"ሞንሲኞር ቀጀላ። የሊቀ ጳጳሱ እንደራሴ።" ማዕረጉን አፏን ሞልታ ነው የጠራችው። ለዚህች ቀን አራት ዓመት ጠብቃለች።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ክረምት ነው። በዚያ ክረምት ከሮም፣ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዘንድ፣ አሮጌውን የላቲን ቅዳሴ የሚያጠብብ ትእዛዝ ወጣ። አገሩ የራሱ ጭንቀት ስለነበረበት ለሌላው ሰው ይህ ወሬም አልሆነ። በሳሪስ በኩል ባለችው ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ማለዳውን የላቲን ቅዳሴ ይሰሙ ለነበሩት ጥቂት ቤተሰቦች ግን ከቤታቸው ላይ ጣራው የተነሣ ያህል ነበር። የሺሐረግ አኩርፋ ወጣች፤ ብዙዎቹም ተከተሏት። የአባቷን ጋራዥ ጠራረገች፣ ዘይት የጠጣውን ወለል በሳሙና አሸች፣ መኪና ከሥሩ የሚታይበትን ጉድጓድ በሲሚንቶ አስደፈነች። መሠዊያው የቆመው በዚያ ጉድጓድ ላይ ነው። ካህን ሲፈለግ ደግሞ አባ ወልደገብርኤል ተገኙ፤ ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ፣ በየትኛውም ሀገረ ስብከት ሥር ያልታቀፉ፣ ላቲኑን እንደ እናት ቋንቋቸው የሚያንበለብሉ ሰው።

ታዲያ የሺሐረግ በአንድ ነገር ንቅንቅ አትልም ነበር። ጋራዧ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ክርክሩ ሲጦፍ፣ አንዱ የሮሙ ጳጳስ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም ሲል፣ ሌላው ሥልጣኑ አላቸው ግን ተሳስተዋል ሲል፣ እሷ ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው፦ "ከአባቴ ጋር እከራከራለሁ፤ ትእዛዙ ከብዶኛል እላለሁ፤ አባት የለኝም ግን አልልም። የጳጳሱ ስም የማይጠራበት ቅዳሴ በአባቴ ጋራዥ አይቀደስም።" ይህን ስትል አባ ወልደገብርኤል ዝም ብለው ጢማቸውን ያሻሉ።

በአሮጌው ሥርዓት የቅዳሴው ልብ የሆነው ጸሎት በዝምታ ነው የሚባለው። ካህኑ ፊታቸውን ወደ መሠዊያው አዙረው በከንፈራቸው ብቻ ያነበንቡታል፤ ሕዝቡ ተንበርክኮ ዝም ይላል። የጳጳሱ ስም የሚጠራውም እዚያ ውስጥ ነው። ከካህኑ ሌላ የሚሰማ ሰው ቢኖር አጠገባቸው የሚንበረከከው ረዳት ብቻ ነው። የጋራዧ ረዳት ወንድዬ ነበር፤ የየሺሐረግ ታናሽ ወንድም፣ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ የቀኖናውን ሕግ ከነአንቀጹ የሚጠቅስ።

አሁን ደግሞ የሮዳስ ሠርግ መጣ። ሮዳስ የየሺሐረግ አንድ ልጅ ናት፤ ሠርጉ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። እጮኛዋ ናፍቆት የገላን ኮንዶሚኒየም ልጅ፣ ሃይማኖቱ ላይ ቁጡ፣ ከአባ ወልደገብርኤል ሌላ ካህን እንዲባርከው የማይፈልግ። የሺሐረግ በበኩሏ ልጇ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የጸና ጋብቻ ሳይኖራት ወደ ሰው ቤት እንድትሄድ አትፈቅድም፤ ሕጉ ደግሞ ፈቃድ ያልተሰጠው ካህን ፊት የተፈጸመ ጋብቻን እንዳልተፈጸመ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ኩራቷን ውጣ፣ ሮዳስን አስከትላ፣ ሐሙስ ዕለት እንደራሴው ቢሮ ገባች።

ሞንሲኞር ቀጀላ ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር። "ካህኑ የጳጳሱን ስም ይጠራሉ? ካልጠሩ ከእኛ ጋር አይደሉም፤ ፈቃድ ልሰጣቸው አልችልም።"

"ይጠራሉ አባታችን።"

"እርስዎ በምን ያውቃሉ? በዝምታ የሚባል ነው።"

"ወንድሜ አጠገባቸው ነው። ትናንት ማታ ጠይቄው ይጠራሉ ብሎኛል። ወንድሜ አይዋሸኝም።"

"ይምላሉ?"

የሺሐረግ ሳታመነታ እጇን ጠረጴዛው ላይ ባለው መስቀል ላይ ጭና ማለች። ሞንሲኞርም እሑድ ራሳቸው መጥተው ቅዳሴውን ሊሰሙ፣ ከቅዳሴው በኋላም ፈቃዱን በሕዝቡ ፊት ሊሰጡ ቃል ገቡ።

አይሱዙው ግቢው ሲደርስ ሰው ሞልቶ ነበር። የጎረቤት ሴቶችም፣ ኦርቶዶክሷ ዲንቄ ሳትቀር፣ ለሮዳስ ደስታ ሲሉ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተዋል። ሙሀመድሁሴን ሳጥኖቹን ውሃ ጋኑ አጠገብ ጀርባቸውን ለጋራዧ አድርጎ ተከለ፣ የድምፅ ማደባለቂያውን በረንዳው ላይ ዘረጋ፣ ደረት ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ገመድ አልባ ማይክ ለወንድዬ ሰጠው። ወንድዬ ወስዶ የአባ ወልደገብርኤል ልብሰ ተክህኖ ላይ ሰካት። ውስጥ ሳጥን የለም፤ ጋራዧ ጠባብ ስለሆነች ድምፁ የሚወጣው ወደ ግቢው ብቻ ነው።

ሞንሲኞር ቀጀላ በሰዓታቸው ደረሱ፤ ጥቁር ቀሚስ በቀይ ጠርዝ፣ ወገባቸው ላይ ሐምራዊ መታጠቂያ። የሺሐረግ እጅ ነሥታ ተቀበለቻቸውና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሮዳስንና ናፍቆትን ከኋላቸው። እሷ ግቢው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተንበረከከች። ልቧ ሞልቶ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ጳጳሱ ያረፉ ጊዜ አባ ወልደገብርኤል "መንበሩ ባዶ ነው" ብለው ሲሰብኩ ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው ትዝ አላት። አዲሱ የተመረጡ ቀንም እልል ብላ "ከዛሬ ጀምሮ አዲሱን ስም ይጠራሉ አይደል አባ?" ብትላቸው "በመሠዊያው ላይ የሚባለውን እግዚአብሔር ይሰማዋል" ነበር ያሏት። እንዴት ያለ መንፈሳዊ መልስ ነው ብላ ተደንቃ ነበር።

ስብከቱ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከስብከቱ በኋላ ሴቶቹ ይዘምሩ ስለነበር ማይኳ እንዳልጠፋች ያስተዋለ የለም። መዝሙሩ አልቆ፣ ደወሉ ሦስት ጊዜ ተመትቶ፣ ሕዝቡ ውስጥም ውጭም ጸጥ ሲል፣ ከሳጥኖቹ ሹክሹክታ መውጣት ጀመረ።

ሙሀመድሁሴን ደነገጠ። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ ካህኑ እየተናገሩ ሕዝቡ ካልሰማ ጥፋቱ የእሱ ነው። መሣሪያው የደከመ መስሎት አዝራሩን ወደ ላይ ገፋ፤ አሁንም ቀጭን ሲሆንበት ጨመረ። በአሮጌው ሥርዓት ማንም ምእመን ሰምቶት የማያውቀው ጸሎት በቃሊቲ ግቢ ላይ እንደ ማስታወቂያ ፈሰሰ። የካህኑ ትንፋሽ እንኳ ይሰማ ነበር።

የሺሐረግ መጀመሪያ አፈረች፤ ሙሀመድሁሴንን ቀና ብላ በእጇ "አጥፋው" ልትለው ነበር። ግን ቃላቱን ታውቃቸዋለች። ላቲን አልተማረችም፤ ይህችን ጸሎት ግን ከአባቷ የቅዳሴ መጽሐፍ ላይ ከትርጉሟ ጋር ከልጅነቷ ጀምሮ በዓይኗ ስትከተል ኖራለች። እጇ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። በዚህ ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዋ ልትሰማት ነው፤ የአዲሱን አባት ስም ልትሰማ ነው። "ቶቶ ኦርቤ ቴራሩም" አለ ሳጥኑ። በዓለም ሁሉ ላይ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው "ኡና ኩም" ነው፤ ከአገልጋይህ ከጳጳሳችን ጋር በአንድነት። የሺሐረግ ከንፈሯን አዘጋጀች።

"ኤት ኦምኒቡስ ኦርቶዶክሲስ" አለ ሳጥኑ።

ዲንቄ ክንዷን ጎነጠቻት። "ሰማሽ የሺ? ኦርቶዶክስ አሉ። እኛንም ጠሩን፤ እግዜር ይስጣቸው።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

የሺሐረግ ያዘጋጀችውን ከንፈሯን ገጠመች። ያንን ቃል ዲንቄ ባትይዘው ኖሮ ጆሮዬ ነው ትል ነበር፤ አምልጦኝ ነው ትል ነበር። ግን ኦርቶዶክሲስ የሚለው ቀጥተኛ እምነት ያላቸውን ሁሉ የሚጠራው ቃል ነው፤ ከቴራሩም ወደ እሱ ለመድረስ በጳጳሱ ስምና በሊቀ ጳጳሱ ስም ላይ መሻገር ያስፈልጋል። ካህኑ ሳይደናቀፉ፣ ሳያመነቱ፣ በለመደ ምላስ ዘለሉት። ግቢ ሙሉ ሰው ሰምቶታል፤ የገባው ግን ለእሷ ብቻ ነው። ከተዘጋው የብረት በር ውስጥ የተቀመጡት ሞንሲኞር ቃሉን አልለዩም።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሺሐረግ በልቧ አባ ወልደገብርኤልን አንቱ ማለት ተወች። አራት ዓመት ሙሉ ጢሙን እያሻ ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ ገባት። "መንበሩ ባዶ ነው" ሲል ስለ ሟቹ ጳጳስ አላለቀሰም፤ እሷ ብቻ ናት ያለቀሰችው። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ በየሳምንቱ መጀመሪያ የምትቆመው የሺሐረግ ከምንጣፉ አልተነሣችም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ቅዳሴው እንዳበቃ ወንድዬ ማይኳን በእጁ ይዞ ለሙሀመድሁሴን ሊመልስ ወጣ። ውሃ ጋኑ ጋ ስትደርስበት ፈገግ ብሎ ነበር።

"ማይኳ ክፍት ነበረች" አለችው።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ማይኳን ገልብጦ አያት።

"ጠይቄህ ነበር ወንድዬ። ረቡዕ ማታ ራት ላይ፣ ይጠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩህ።"

"ዝቅ አድርጊ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። ለምን ዋሸኸኝ?"

"አንቺ ንጹሕ ሆነሽ እንድትምዪ ብዬ ነዋ" አለ፤ እንደ ሕግ ጠበቃ ጣቱን ሊያነሣ ዳድቶት። "የሺ፣ ሕጉን አስቢው። ሳያውቅ የማለ ሰው በሐሰት አልማለም። ብነግርሽ ኖሮ ወይ አትምዪም፣ ወይ ኃጢአት ትገቢ ነበር። ያልነገርኩሽ ለነፍስሽ ነው። ኃጢአቱን እኔ ተሸክሜዋለሁ።"

የሺሐረግ አየችው። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ አፉን ያስፈታችው እሷ ናት።

"እና የማላውቅ መሆኔ ጠቀማችሁ።"

"እንደዛ አትበይው።"

"ሌላ ምን ልበለው? እኔን እንደ ማኅተም አነሣችሁኝ፣ መታችሁብኝ፣ አስቀመጣችሁኝ።"

ወንድዬ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሞንሲኞር ቀጀላ ከጋራዧ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ አባ ወልደገብርኤልም ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ ከጎናቸው። ሙሀመድሁሴን የእጅ ማይክ አቀበላቸው። ሮዳስና ናፍቆት ከደረጃው ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

"ውድ ልጆቼ" አሉ ሞንሲኞር፣ "በመካከላችን ብዙ ክርክር ነበር። የሥርዓት ጥያቄ ቀስ ብሎ ይፈታል። ከአባታችን ጋር ያለን አንድነት ግን ለድርድር አይቀርብም። ወይዘሮ የሺሐረግ በዚህ ጉዳይ ላይ በመስቀል ምለውልኛል፤ እኔም በእርሳቸው መሐላ መሠረት..."

ዝም ማለት ትችል ነበር። ማንም አያውቅም፤ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ፈቃዱ ከተሰጠ ጋብቻው ይጸናል፣ ልጇ ነጭ ለብሳ በአያቷ ጋራዥ ትዳራለች። የሺሐረግ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው፤ እግሯ ግን ቀድሟት ሄዶ ነበር።

"አባታችን፣ መሐላዬን አንሥቻለሁ" አለች። "ስማቸው አይጠራም። ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁ። የጳጳሱንም የሊቀ ጳጳሱንም ዘለለው። የማልኩት ተዋሽቼ ነው።"

ሞንሲኞር ማይኩን ከአፋቸው አወረዱና ወደ ካህኑ ዞሩ። "እውነት ነው?"

አባ ወልደገብርኤል አልካደም። ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ቀና አለ። "መንበሩ ከስድሳ ዓመት በላይ ባዶ ነው። የጥንቱን ቅዳሴ ያፈረሰ ጳጳስ ሊሆን አይችልም። የሌለን ሰው ስም በመሠዊያ ላይ አልጠራም።"

"ባዶ መሆኑን የፈረደው ማነው? እርስዎ? በሮም ጳጳስ ላይ የሚፈርድ በምድር ላይ እንደሌለ እርስዎ የሚወዱት አሮጌው ሕግም ይናገራል።"

"እኔ አልፈረድኩም። እነሱ ራሳቸው ከእምነት ሲወጡ ከመንበሩም ወጡ።"

"ታዲያ ይህን ለምን ጮክ ብለህ አልሰበክም?" አለች የሺሐረግ። አንተ ስትለው ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። "የአባቴን ቤት ስትለምነኝ ለምን አልነገርከኝም? መንበሩ ባዶ ነው ያልከውን ለእኔ ሐዘን አስመስለህ፣ ለእነ ወንድዬ ፍርድ አድርገህ፣ አንዲቱን ቃል ለሁለት ሸጥካት።"

"የቅዳሴው ጉዳይ የካህን ጉዳይ ነው" አለና ፊቱን አዞረ።

ሞንሲኞር ቀጀላ ፈቃዱን ከለከሉ። ሲከለክሉ አልተቆጡም፤ ሮዳስ ብትፈልግ ቅዳሜ በሳሪስ፣ በአጥቢያው ቆሞስ ፊት፣ ሥርዓቷ ሳይጓደል ልትዳር እንደምትችል ነገሯትና ለየሺሐረግ እጃቸውን ጭነው ባርከው ወጡ። አባ ወልደገብርኤል ጓዙን በአንዲት ሻንጣ ይዞ በሌላው በር ሄደ። ናፍቆት የሮዳስን እጅ ለቀቀ። አንዴ አያት፣ አንዴ የሚሄደውን ካህን አየና ካህኑን ተከተለ። ወንድዬም ትንሽ ቆይቶ ተከተላቸው።

ሙሀመድሁሴን ሳጥኖቹን ጫነ። የመጨረሻውን ሽቦ ጠቅልሎ ሲያበቃ "እትዬ፣ ባልጨምረው ኖሮ" አለ።

"ሥራህን ነው የሠራኸው" አለችው። እሱን መቆጣት አልቻለችም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ያልዋሻት እሱ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሮዳስ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። የሺሐረግ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትጠይቃት ነበር የመጣችው፤ ልጇን ያለ ሠርግ ያስቀረች እናት ምን እንደምትል ከጋኑ እስከ ደረጃው ድረስ ስታሰላስል ነበር።

"ናፍቆት ሳሪስ አይገባም እማዬ" አለች ሮዳስ ቀድማ። "ነግሮኛል፤ አባ ካላጋቡን አያገባኝም። አንቺ ደግሞ ካለ ፈቃድ እሺ አትዪም። ከሁለታችሁ መካከል ምን ላድርግ?"

"ልጄ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ እዚያ ቢሮ ይዤሽ አልሄድም ነበር።"

ሮዳስ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ከመዳፏ ውስጥ የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር።

"እኔ አውቅ ነበር።"

የሺሐረግ የሮዳስን መዳፍ ከፊቷ ላይ አወረደች።

"ወንድዬ ነግሮኝ ነበር። ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንነግራታለን ተባብለን ነው።"

"ስምል አጠገቤ ቆመሽ ነበር።"

"ቆሜ ነበር።"

"ቦርሳዬን ተቀበልሽኝ። እጄን መስቀሉ ላይ እንድጭን።"

"አዎ" አለች ሮዳስ።